መርጡለ ማርያም፦ ለመሳለምም ለማየትም የሚሄድ ሰው ምን ይወቅ?

በሶብላ
ሰላም ለዚህ ቤት። ከአዲስ አበባ ምሥራቅ ጎጃም ወዳለችው መርጡለ ማርያም 12 ሰው የሚሄድበት ጉዞ እያሰናዳን ነው። ሰባቱ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ለመሳለም ነው የሚመጡት። አምስቱ ካቶሊኮች ናቸው፤ የካቶሊኩን ሰማዕት የብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤልን አገር ማየትና እዚያ ተራራ ላይ ያለውን የጥንት ግንብ መጎብኘት ይፈልጋሉ። ከመካከላቸው አንዲት 70 ዓመት ያለፋቸው እናትም አሉ። ጥያቄዎቼ፦ መቼ ይሻላል (ኅዳር 21 አስበን ነበር)? በየት በኩል፣ በስንት ቀን? ፍርስራሹን የሠራው ማን ነው? አንዱ ንግሥት እሌኒ ይላል፣ ሌላው ፖርቱጋሎች። ደብዳቤ ያስፈልጋል ወይ? የምታውቁ በዝርዝር ንገሩን።

ደጀን_መሻገሪያ
መንገዱን እኔ ልናገር፣ ሌላውን ለሌሎች እተዋለሁ።

ከሁሉ በፊት፦ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል ባለው ግጭት መንገድ አንዱ ቀን ይከፈታል፣ ሌላው ቀን ይዘጋል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት፣ ከዚያም ከመነሣታችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ፣ ከዚያም ጠዋት ላይ፣ ሦስት ጊዜ ጠይቁ። የምትጠይቁትም አዲስ አበባ ያለውን ሰው ሳይሆን በዚያው ሳምንት በመስመሩ የተመላለሰ ሹፌር ነው። ከተጠራጠራችሁ አትሂዱ። ማርያም የትም አትሄድም።

መንገዱ ክፍት ከሆነ ከአዲስ አበባ በጎሐ ጽዮን የአባይን በረሃ ተሻግሮ ደጀን መውጣት ነው። እስከ ደጀን 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ የሚሄደውን ትታችሁ ወደ ሰሜን፦ ብቸና፣ ደብረ ወርቅ። ከደብረ ወርቅ በኋላ የሞጣውን ዋና መንገድ ለቅቃችሁ ወደ ምሥራቅ ትገነጠላላችሁ። ከባሕር ዳር የሚመጣ ደግሞ በአዴትና በሞጣ ነው የሚወርደው።

በረሃው ላይ ሹፌሩን አደራ በሉት። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የታችኛው ድልድይ (የኅዳሴ ድልድይ፣ በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀው) እስኪደርስ ድረስ እግሩን ፍሬን ላይ ጭኖ የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ያግለዋል፤ ሸራው ሲሸት ጊዜው አልፏል። በከባድ ማርሽ፣ በሁለተኛ፣ ሞተሩ ራሱ እንዲይዘው አድርጎ ይውረድ። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ እዚህም እዚያም ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። በክረምት ደግሞ ድንጋይ ይወርዳል። በጨለማ አትግቡበት።

የአነብሴ_ልጅ
እንኳን በደህና አሰባችሁ። ኅዳር 21 ጥሩ ቀን ነው፣ ግን ሁለቱ ቡድኖቻችሁ የሚፈልጉት ነገር አይገጥምም።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት፤ ማኅሌቱ ሌሊቱን ይቆማል፣ ታቦት ይወጣል፣ ሕዝቡ ግቢውን ይሞላዋል። ለመሳለምና ለበረከት ከዚህ የሚበልጥ የለም። ፍርስራሹን ረጋ ብሎ ለማየት ግን የማይሆን ቀን ነው። ካህናቱም አንድ ደቂቃ አይኖራቸውም፤ በንግሥ ቀን አስተዳዳሪውን ይዞ «ዕቃ ቤቱን ያሳዩን» ማለት ነውር ነው። ደግሞ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ንግሡ ጾም ላይ ነው የሚውለው። ወተት፣ ዕንቁላል፣ ሥጋ የሚበላ ሰው ካላችሁ ቀድሞ ይወቀው።

የእኔ ምክር፦ ንግሡን አንድ ቀን፣ ግንቡን በማግስቱ። ኅዳር 21 ተሳለሙ፣ ማታ ዕረፉ፣ 22 ጠዋት ግቢው ጸጥ ሲል ተመለሱ። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ ከንግሥ ውጭ ያለ፣ ከረቡዕና ከዓርብ ውጭ ያለ ተራ ቀን ይሻላል።

ምንዱባን
ጥር 21 አስተርእዮ አይሻልም? ጾም የለውም፣ መሬቱም ደርቋል።

የአነብሴ_ልጅ
@ምንዱባን ጥሩ ነው፣ ሕዝቡም ከኅዳሩ አያንስም። ግን «ጾም የለውም» ከማለት በፊት የዓመቱን ባሕረ ሐሳብ ማየት ነው፤ ጾመ ነነዌ ጥር 17 ድረስ ወርዶ ሊገባ ይችላል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለም ያው ጾም ነው። መሬቱን በተመለከተ ልክ ብለሃል፤ እንዲያውም ከመስከረም መጨረሻ በፊት የሚመጣ ሰው መረሬውን ይወቀው። ጥቁር አፈር ነው፣ ሲረጥብ ጫማ ሥር እንደ ሊጥ ይነባበራል። አምስት እርምጃ ስትሄድ አንዱ እግርህ ሁለት ኪሎ ይሆናል። ዝናብ ከጣለ ጥቂት ሰዓት ፀሐይ እስኪያየው መጠበቅ እንጂ መታገል አያዋጣም።

ጥርብ_ድንጋይ
ወደ ግንቡ ልምጣ፤ ጥያቄው ሲነሣ ሁልጊዜ «ወይ እሌኒ ወይ ፖርቱጋል» ተብሎ ነው፤ እኔ ደግሞ ይህ «ወይ» የሚለው ነው የሚያስቸግረኝ። ሁለቱም ናቸው። በዚያ ተራራ ላይ አንዱ ሕንፃ በሌላው ላይ ተሠርቷል።

በደብሩ ትውፊት ቦታው የአብርሃና አጽብሓ ዘመን ነው። ስሙም ግእዝ ነው፦ መርጡል ማለት ማደሪያ፣ አዳራሽ። በጽሑፍ አጥብቀን የምንይዘው ግን ከእሌኒ ይጀምራል። የሐድያ ልጅ፣ እቴጌ፣ በልብነ ድንግል ሕፃንነት መንግሥቱን የያዘች ናት። ጎጃም ርስቷ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኑን እዚያ አሠራች። በ1520 እ.ኤ.አ. ምጽዋ የደረሰው የፖርቱጋል መልእክተኛ ቡድን ቄስ፣ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ወርቅና ስለ መሠዊያው ጽፏል። ቀድሞ ወደ ኢትዮጵያ ገብቶ የቀረው ፔሮ ዳ ኮቪሊያ መሠዊያው እንዴት እንደሚሠራ እንዲያሳይ መላኩንም የነገረን እሱ ነው። ልብ በሉ፦ ይህ ሁሉ ኢየሱሳውያን (ጀስዊት) የሚባሉት የካቶሊክ ማኅበር እንኳ ሳይቋቋም ነው። ማኅበሩ የጸደቀው በ1540 እ.ኤ.አ. ነው።

ከዚያ በግራኝ ጦርነት ተቃጠለ፣ ፈረሰ። መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ አፄ ሱስንዮስ በ1622 እ.ኤ.አ. የካቶሊክን እምነት በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1620ዎቹ መጨረሻ ጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ብሩኖ ብሩኒ በፍርስራሹ ላይ እንደገና አሠራው። ብዙም አልቆየም። ሱስንዮስ በ1632 እ.ኤ.አ. ሃይማኖቱን መለሱ፣ ፋሲለደስ ነገሡ፣ ኢየሱሳውያን ተባረሩ።

እና ቆማችሁ የምታዩት ግድግዳ ከዚያ ሁሉ የተረፈ ነው። ምን ማየት እንዳለባችሁ፦

ቅርጹ፦ ቀጥ ያለ፣ ማዕዘን ያለው ግንብ ነው። አሁን ካህናቱ ከሚቀድሱበት ቤተ ክርስቲያን ጋር አስተያዩት፤ ሁለቱ ሕንፃዎች ስለ ቅዳሴ ሁለት የተለያየ አሳብ አላቸው።

ቅርጻ ቅርጹ፦ የዚህ ቦታ ልብ ይህ ነው። ተጠርቦ የለሰለሰ ድንጋይ ላይ ክብ አበባ፣ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጠርዝ፣ ቅጠል የመሰለ ሐረግ ተቀርጿል። አንዱን አበባ መርጣችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙበት። ቅጠሎቹ ከመካከል ወጥተው ወደ ጠርዙ ሲደርሱ እየሳሱ ይሄዳሉ፤ በየመሐላቸው ያለው ጎድጓዳ ቦታ የመሮው አፍ የገባበት ነው። ሁለተኛውን አበባ ስታዩ ከመጀመሪያው ጋር ቁርጥ አንድ አለመሆኑን ታስተውላላችሁ። አንድ ሰው በዓይኑ ለክቶ በእጁ ነው የሠራው።

የትኛው ቅርጽ የእሌኒ፣ የትኛው የብሩኒ ነው? አጥኚዎች ራሳቸው አልተስማሙም። ስለዚህ «ይህ ድንጋይ የፖርቱጋል ነው» ብሎ በጣቱ እየጠቆመ የሚነግራችሁን አስጎብኚ በአክብሮት ስሙት፣ ግን አትጻፉት።

ብርሃኑ፦ ከጠዋቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ተመልከቱ። ፀሐይ ጎን ለጎን ስትመታው ቅርጹ ጥላ ይጥላል፣ ይነሣል። እኩለ ቀን ላይ ግን ፀሐይ አናት ላይ ስለምትሆን ሁሉም ልሙጥ ይመስላል፣ ፎቶውም ግራጫ ሆኖ ይቀራል። ደመና ከሆነ የስልክ መብራት በጎን፣ ከግድግዳው ጋር ተስተካክሎ ቢያዝ ያው ጥላ ይወጣል።

አትንኩት፣ አትደገፉት፣ አትውጡበት። በየክረምቱ ዝናብ ከድንጋዩ መሐል ያለውን ማጣበቂያ ያጥበዋል፤ የዛፍ ሥር በስንጥቁ ይገባል። ከላይ ሲታይ የቆመ፣ ከውስጥ ግን የላላ ድንጋይ አለ። አንድ ሰው ፎቶ ለመነሣት ሲንጠላጠል የሚወድቀው አራት መቶ ዓመት የቆየው ነው፣ ራሱም አብሮ።

መንገደኛው
በብዙ ጽሑፍ «ኢየሱሳዊው ፔሮ ፓኤዝ አሠራው» ይላልኮ።

ጥርብ_ድንጋይ
ፓኤዝ በ1603 እ.ኤ.አ. ገብቶ በ1622 እ.ኤ.አ. ነው ያረፈው። የመርጡለ ማርያሙ ሥራ ከሞቱ በኋላ ነው። ፓኤዝ ስመ ጥር ስለሆነ የፈረንጅ ሥራ ሁሉ ወደሱ ይጠጋል። ጎጃም ውስጥ የእሱን አሻራ መፈለግ ከፈለጋችሁ ግሽ ዓባይ ናት፤ በ1618 እ.ኤ.አ. ከንጉሡ ጋር ሆኖ የዓባይን ምንጭ አይቶ የጻፈው እዚያ ነው። እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ደግሞ በ1840ዎቹ መርጡለ ማርያም መጥቶ ፍርስራሹን በዝርዝር ጽፎ ለንደን አሳትሟል። ሥዕሎችን ከዛሬው ጋር ለማስተያየት የሚወድ ሰው ከዚያ ይጀምር።

ዘጣና_ዳር
ካቶሊኮቹን በተመለከተ እኔ ልመልስ።

ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 እ.ኤ.አ. ድቦ የተወለዱ ናቸው፣ ከመርጡለ ማርያም ሩቅ ያልሆነ አገር። የመነኰሱትና የተማሩት እዚያው መርጡለ ማርያም ነው። በሕፃንነታቸው አንድ ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ በሊቅነታቸው ግን የታወቁ ሆኑ። በ1841 እ.ኤ.አ. ጳጳስ ለማምጣት ወደ ግብጽ ከሄደው ጓድ ጋር ሄደው፣ ከካቶሊኩ ሚሲዮናዊ ከአቡነ ያዕቆብ (ዩስቲኖስ ዴ ያቆቢስ) ጋር ሮም ደርሰው ተመለሱ። በ1844 እ.ኤ.አ. ካቶሊክ ሆኑ፣ በ1851 እ.ኤ.አ. ክህነት ተቀበሉ፣ በ1855 እ.ኤ.አ. በእስር ሰንሰለት ላይ ሳሉ አረፉ። ብፅዕናቸው የታወጀው በ1926 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን በጣም አስፈላጊው ነገር። መርጡለ ማርያም የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ደብር ናት። እናንተ ለአንድ የእምነታችሁ ሰማዕት መታሰቢያ ብላችሁ ትመጣላችሁ፤ ለአገሬው ግን ያ ታሪክ ያልሻረ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ የሱስንዮስ ዘመን ደም ደግሞ ከዚያ ይቀድማል። ስለዚህ፦

በግቢው ውስጥ ካህን ይዛችሁ የራሳችሁን ቅዳሴ ወይም መቁጠሪያ በድምፅ አትጀምሩ። ቅዳሴ የምትፈልጉ ከሆነ ጉዞውን በባሕር ዳር በኩል አድርጋችሁ እዚያ ባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሱ። የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት በ2015 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ ይህ ቀላል ነው። በመርጡለ ማርያም በልባችሁ ጸልዩ።

«ምንድን ናችሁ?» ቢሏችሁ አትደብቁ። «ካቶሊክ ነን፣ ለማየትና እመቤታችንን ለመለመን መጣን» በሉ። ደብቆ ገብቶ ኋላ መታወቁ ነው ቅያሜ የሚያመጣው።

ወደ ቅዱስ ቁርባን አትቅረቡ። ግእዙን ታውቁታላችሁ፣ ዜማውም እንደኛው የግእዝ ሥርዓት ነው፣ ልባችሁ ይሳባል፤ ግን በሁለቱ ቤተ ክርስቲያናት መካከል የቁርባን አንድነት የለም፣ ካህኑንም ችግር ውስጥ ትከታላችሁ። ስለ አንድ ባሕርይና ሁለት ባሕርይም ተማሪዎችን አትጠይቁ። ጎጃም የሊቅ አገር ነው፣ ጥያቄው እንደ ጨዋታ ተነሥቶ እንደ ጨዋታ አያልቅም።

ብርሃነ_ቅኔ
ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ከእኛ በኩል ደግሞ እንግዳ ተቀባይነቱ እንዳለ ይወቁ። ጸበል ቢጠይቁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ዳቦ ቢቀምሱ የሚከለክላቸው የለም። መስቀል ለመሳለም ካህኑ ፊት ሲቀርቡ ግንባርና ከንፈር ነው፤ ካህኑን ጨብጠው ሰላም ለማለት እጅ አይዘርጉ።

የኛዎቹ ሰባቱ ውስጥ የሚቆርብ ካለ ንስሐ አባቱን አዲስ አበባ እያለ ይጨርስ። 18 ሰዓት መጾም አለበት። በጉዞ ላይ ይህ የሚበላሸው ሰው ማታ ደብረ ወርቅ ደርሶ ደክሞት 4 ሰዓት ላይ ራት ስለሚበላ ነው። ከዚያ 18 ሰዓት ቁጠሩ፣ ለጠዋት አይደርስም።

እሙ_ሶስና
ስለ አለባበስና ስለ እናታችን።

ሴቶች እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ቀሚስ፣ ሱሪ አይሆንም፤ ነጠላ ራስን የሚሸፍን። ወንዶችም ቁምጣ አይልበሱ፣ ነጠላ ቢይዙ ያማረ ነው። በሚቀደስበት ሰዓት ነጠላው መስቀልያ ይጣፋል። የወር አበባ ላይ ያለች ከቤተ መቅደሱ ውጭ ሆና ትጸልያለች፤ ወንድ ልጅ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን እንደዚያው። ይህንን በመኪና ውስጥ ሳይሆን ከመነሣታችሁ በፊት ለሴቶቹ በጨዋነት ንገሯቸው፤ በር ላይ ደርሳ የምታውቅ ሰው ታዝናለች።

ጫማ ይወልቃል። ስለዚህ ማሰሪያ ያለው ጫማ አታድርጉ፤ በ12 ሰው ማሰሪያ መፍታት በር ላይ ሰልፍ ይሠራል። እያንዳንዱ ሰው ጨርቅ ከረጢት ይያዝ፣ ጫማውን ይዞት ይግባ። በንግሥ ቀን ከውጭ የተተወ ጫማ አይገኝም። ስለተሰረቀ አይደለም፤ መቶ ጥቁር ጫማ መሐል የራስን መለየት ስለማይቻል። ወፍራም የጥጥ ካልሲ አድርጉ፤ ጠዋት ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫም አይጠፋም።

እናትየውን በተመለከተ፦ አገሩ ደጋ ነው፣ ከፍ ያለ ነው፣ ጠዋት ይበርዳል። መጀመሪያ ቀን አባይ በረሃ ውስጥ ሙቀት፣ ማታ ደጋ ላይ ብርድ ይመታቸዋል። የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ መድኃኒቱ ከእጃቸው ቦርሳ አይለይ፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። በረሃው ላይ ውኃ ይጠጡ፤ «ሽንት ያስቸግረኛል» ብለው አይጠጡም፣ ያ ነው የሚያዞራቸው። በየአንድ ሰዓት ተኩሉ ቁሙላቸው። አቀበቱን መቋሚያ ይዘው፣ ሃያ እርምጃ ሄደው እያረፉ፣ ማንም ሳይከባቸውና ሳያቻኩላቸው ይውጡ። ቀድሞ የወጣ ሰው ከላይ ሆኖ አይጥራቸው።

ምንዱባን
ደብዳቤውስ?

የአነብሴ_ልጅ
ለመሳለም የሚመጣ ምእመን ደብዳቤ አያሻውም። ፍርስራሹን በቡድን ለማየት፣ ፎቶ ለማንሣት፣ በተለይ ዕቃ ቤት ያለውን ቅርስ ለማየት ግን ያሻል። ሁለት ደብዳቤ ይዛችሁ ኑ፦ አንዱ ከወረዳው ባህልና ቱሪዝም፣ አንዱ ከወረዳው ቤተ ክህነት። ወረዳው እነብሴ ሳር ምድር ነው፣ ከተማው ራሱ መርጡለ ማርያም ይባላል። ስለዚህ ሁለቱንም እዚያው ልታወጡ ትችላላችሁ፤ ችግሩ ቅዳሜና እሑድ ቢሮ ዝግ መሆኑ ነው። ዓርብ ከሰዓት የሚደርስ ቡድን ሰኞን ይጠብቃል ማለት ነው። በሥራ ቀን ጠዋት ድረሱ ወይም ቀድማችሁ በስልክ ጨርሱ።

ደብዳቤው ላይ የሰዎቹ ብዛት፣ የምትመጡበት ቀን፣ ምን ማየት እንደምትፈልጉ ይጻፍ። «ለጉብኝት» ብቻ ተብሎ የተጻፈ ደብዳቤ ለዕቃ ቤት አይሠራም፤ ጠባቂው «ቅርስ ይታይላቸው የሚል ቃል የለውም» ቢል እውነቱን ነው፣ ኃላፊነት አለበት። ዕቃ ቤት አንድ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ አይከፈትም፤ ሁለት ሦስት ሰው ተሰብስቦ ነው። አንደኛው ለቅሶ ከሄደ አይከፈትም። ይህን እንደ ማጉላላት አትዩት፤ ያ ቅርስ እስከዛሬ የቆየው በዚህ ነው።

ክፍያ ካለ በደረሰኝ ክፈሉ። በደረሰኝ የማይሰጥ ገንዘብ ከሆነ ለሰው እጅ ሳይሆን ለሙዳየ ምጽዋት ይግባ። ድሮን አታምጡ። በዚህ ጊዜ ድሮን ይዞ ጎጃም መግባት ለራሳችሁም ለአገሬውም አደጋ ነው።

ብራና
ዕቃ ቤት ከገባችሁ አንድ ነገር ልለምን። ብራና መጽሐፍ ሲከፈትላችሁ ገጹን የሚገልጠው ካህኑ ብቻ ይሁን። እጃችሁ ላይ ቅባት፣ ሎሽን፣ የእጅ ማጽጃ አልኮል ካለ ቀለሙን ይይዘዋል። ብራና ቆዳ ነው፤ ትንፋሽና እርጥበት ያጠማዝዘዋል። ስለዚህ 12 ሰው በአንዴ ጠባብ ክፍል አይግባ፣ በአራት በአራት ግቡ። ፍላሽ ክልክል ነው ባይባል እንኳ አታብሩ። ሐረጉን ለማየት ጎንበስ ስትሉ ነጠላችሁን በእጃችሁ ሰብስባችሁ ያዙ፤ የነጠላ ጥለት መጽሐፍ መያዣው ላይ ተጠልፎ ገጽ ሲቀድ ይታያል።

ስንቅ_ያዥ
የሚያጠግብ ነገር ልናገር፦ በአንድ ሰው ሁለት ሊትር ውኃ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። ጾም ስለሆነ በከተማው ሽሮና ጎመን ይገኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን በንግሥ ቀን ምግብ ቤት ያለው ሁሉ ቶሎ ያልቃል። 12 ሰው ከሆናችሁ ጠዋት ገብታችሁ «ለ8 ሰዓት 12 ሰው» ብላችሁ ቀብድ ስጡ።

ለደብሩ ምን ይዘን እንሂድ ለሚል፦ ዘቢብ፣ ዕጣን፣ ጧፍ። ዘቢቡ ዘይት ያልተቀባ፣ ስኳር ያልነካው ይሁን፤ ለቁርባን ወይን የሚጨመቅ ነው። ሱፐርማርኬት የሚሸጠው የሚያብለጨልጭ ዘቢብ ብዙ ጊዜ ዘይት አለው። ውኃ ውስጥ ጣሉትና እዩ፣ ላዩ ላይ ቅባት ከተንሳፈፈ ለሻይ ያድርጉት። ዕጣኑ ከተቀላቀለ የፋብሪካ ሽቶ የጸዳ ይሁን። ለዕቃ ቤቱ አስረክቡ፣ በር ላይ አትተዉት።

ለአብነት ተማሪዎች ደግሞ ሳሙና ከከረሜላ ይበልጣል። አንድ ካርቶን የልብስ ሳሙና ለመሪጌታው ስጡ፣ እሳቸው ያካፍሉታል። ለየልጁ በየእጁ ብር መስጠት ተማሪውን ከጉባኤው ያስነሣዋል።

ጥርብ_ድንጋይ
በመንገዳችሁ ላይ ስለሆነ ደብረ ወርቅን አትለፉት። እሷም ከፍታ ላይ ናት፣ ከከተማው በእግር ትወጣላችሁ። ቅዱስ ሉቃስ ሣላት የሚባል ትውፊት ያላት የእመቤታችን ሥዕል እዚያ ናት። ክብ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ በሚገባ የሚታይበት ነው። ይህን ዛሬ አይቶ ነገ መርጡለ ማርያም የእሌኒና የብሩኒን ቀጥ ያለ ግንብ ማየት ነው ልዩነቱን የሚያስተምረው። ብቸና አካባቢ ዲማ ጊዮርጊስም አለ፣ የቅኔ አገር፤ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ ሦስቱን ጠቅልሎ መሮጥ ከሁሉም መራብ ነው። ሁለቱን ያዙ።

በሶብላ
እግዚአብሔር ይስጥልን። ከተባለው ተነሥቼ እንዲህ አደረግሁት፣ ስሕተት ካለ አርሙኝ። 1ኛ ቀን፦ ከአዲስ አበባ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ በረሃውን በቀን ማለፍ፣ ደብረ ወርቅ ማደር። 2ኛ ቀን (ኅዳር 20)፦ ጠዋት ደብረ ወርቅን መሳለም፣ ከሰዓት መርጡለ ማርያም ገብቶ ደብዳቤውን መጨረስ። 3ኛ ቀን፦ ንግሥ። 4ኛ ቀን፦ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ግንቡ፣ ከዚያ ዕቃ ቤት በአራት በአራት፣ ከዚያ መመለስ። ካቶሊኮቹ ድቦን እንዲያዩ 4ኛው ቀን ላይ ይጨመር?

ዘጣና_ዳር
4ኛው ቀን ላይ አትጨምሩ። ግንቡና ዕቃ ቤቱ ከጨረሱ እኩለ ቀን ይሆናል፤ ከዚያ ድቦ ብላችሁ፣ ከዚያ አባይ በረሃ በጨለማ ትገባላችሁ። አምስተኛ ቀን ያዙ። አምስቱ ለብቻቸው ከአገሬው ሰው ጋር ይሂዱ፣ ሰባቱና እናትየው ይረፉ። ድቦ ሲደርሱ ሐውልት ወይም ሕንፃ ፍለጋ አይሂዱ፤ የሚያዩት አገሩን ነው፣ የልጅነት መንገዱን። ይህን ቀድማችሁ ንገሯቸው፣ አለዚያ «ምን አለ እዚህ?» ብለው ይመለሳሉ።

የአነብሴ_ልጅ
አንድ እርማት። ኅዳር 20 ከሰዓት ደብዳቤ መጨረስ ያላችሁት አይሆንም። የንግሡ ዋዜማ ነው፤ የቤተ ክህነቱ ሰዎች ደብሩ ላይ ናቸው፣ ዋዜማ ይቆማል። ደብዳቤውን ቢያንስ ሳምንት ቀድማችሁ በሰው ላኩ፣ ኅዳር 20 የምታደርጉት አስተዳዳሪውን ሰላም ብሎ «ከነገ ወዲያ ጠዋት እንመጣለን» ማለት ብቻ ይሁን። ማደሪያም ያኔውኑ ያዙ፤ ለንግሥ ከየወረዳው ሰው ስለሚመጣ ማታ 1 ሰዓት ላይ አልጋ አይገኝም። ለእናትየው ምድር ቤት ክፍል ጠይቁ፣ ደረጃ የሌለው።

እሙ_ሶስና
ለማኅሌቱ ሌሊት ደግሞ ጋቢ ይያዙላቸው፣ አንዱን የሚቀመጡበት፣ አንዱን የሚለብሱት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ነው ብርዱ የሚጸናው።

በሶብላ
ደብዳቤው ሰኞ ይላካል። ሁለት ጋቢ ጻፍኩ።